ከኦቶና እስከ ጉድኝት ማዕከል፦ የልዩ ትምህርት ቤት ታሪክ በወላይታ

ልዩ ትምህርት ቤት የሚባለው ማየት ወይም መስማት የተሳናቸውን፣ ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆች ለጉዳታቸው በተስማማ ዘዴና መሣሪያ፣ በዘርፉ በሠለጠነ መምህር እንዲያስተምር የተቋቋመ ትምህርት ቤት ነው። በኢትዮጵያ ይህ ተቋም ከጅምሩ ትንሽ ነበር፤ ዛሬም በአብዛኛው ትንሽ ነው። ጥቂት መማሪያ ክፍሎች፣ የወንዶችና የሴቶች ማደሪያ፣ አንድ ወጥ ቤት፣ ጥቂት መምህራንና ሞግዚቶች ያሉት ግቢ ነው፤ አለዚያም በመደበኛ ትምህርት ቤት ጥግ የተሰጠ አንድ ወይም ሁለት ክፍል ነው። ተቋሙ ትንሽ ሆኖ የቀረው ግን ተማሪ ስላልነበረ አይደለም። የወላይታ ታሪክ እንደሚያሳየው ኃላፊነቱ ለረጅም ጊዜ የመንግሥት ሳይሆን በአካባቢው የተገኘ የበጎ አድራጊ ሥራ ተደርጎ በመቆጠሩ ነው፤ መንግሥት ኃላፊነቱን በሕግ ከተቀበለ በኋላም በጀቱ፣ መምህሩና መጽሐፉ ከሕጉ ጋር እኩል አልተራመዱም።

ከዘመናዊው ትምህርት በፊት ማየት ለተሳነው ልጅ ክፍት የነበረው የዕውቀት በር የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነበር። በዜማ ቤትና በቅኔ ቤት ትምህርቱ የሚተላለፈው በአብዛኛው በቃልና በጆሮ፣ የሚከማቸውም በልብ ስለነበር፣ ዓይነ ስውር ተማሪ ከዓይናማው ጓደኛው ሳያንስ ቅኔ ሊቆጥር፣ ሊቀኝና መምህር እስከ መባል ሊደርስ ይችል ነበር። በዚህ መንገድ ለማዕረግ የበቁ ዓይነ ስውራን ሊቃውንት በቤተ ክርስቲያኒቱ ታሪክ ጥቂቶች አይደሉም፤ የአገሪቱ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ታሪክ ሲጻፍም ይህ ምዕራፍ ሊዘለል አይገባም። ይሁን እንጂ በሩ ጠባብ ነበር። ለሴት ልጅ ብዙም ክፍት አልነበረም፤ መስማት ለተሳነው ልጅ ደግሞ ጭራሽ ዝግ ነበር። በወላይታ ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ዘምተው ንጉሥ ጦናን ካሸነፉና አገሩ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ከዋለ በኋላ አብያተ ክርስቲያናት ቢበዙም፣ የቅኔ ቤቶቹ መናኸሪያ ሰሜኑ ሆኖ ስለቀረ ጉዳት ያለበት የወላይታ ገበሬ ልጅ ዕጣው በአብዛኛው ከቤት አለመውጣት ነበር።

ዘመናዊው ልዩ ትምህርት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በሚሲዮናውያን እጅ ነው። በ1917 ዓ.ም. ገደማ በወለጋ ደምቢ ዶሎ የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ዓይነ ስውራንን ማስተማር እንደጀመረ ይነገራል፤ የዘርፉ ጸሐፊዎችም የአገሪቱን የልዩ ትምህርት ታሪክ ከዚህ መቁጠር ልማዳቸው ነው። ደምቢ ዶሎንና ወላይታን የሚያገናኝ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም በመጀመሪያ በዚሁ ሚሲዮን ሥር በወለጋ ያገለገለው አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ቶማስ ላምቢ ነው። ላምቢ ኋላ ወደ ሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ተዛውሮ የመጀመሪያውን ቡድን እየመራ ወደ ደቡብ ወረደ፤ ሚሲዮኑም በ1920 ዓ.ም. በወላይታ ሶዶ ሥራ ጀመረ። ኦቶና የሚባለው የሶዶ ሠፈር ስሙ ከሕክምናና ከትምህርት ጋር የተሳሰረው ከዚሁ ሚሲዮን የተነሳ ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን፣ በ1929 ዓ.ም.፣ ሚሲዮናውያኑ ተባረው ከአገር ወጡ፤ ከነፃነት በኋላ ተመልሰው ሆስፒታሉንና ትምህርት ቤቶቹን አጠናከሩ።

ሐኪም ቤትና የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ጎን ለጎን መገኘታቸው ድንገተኛ አይደለም። በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል ዓይን የሚያጠፉት ምክንያቶች፣ ማለትም ኩፍኝ፣ የቫይታሚን ኤ እጥረት፣ አብሮ የሚወለድ የዓይን ሞራ፣ እንዲሁም ትራኮማ በብዛት ሊከላከሏቸው ወይም ሊያክሟቸው የሚችሉ ነበሩ። ትራኮማ በዝንብ፣ በእጅና በጨርቅ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ፣ ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ቆብን ወደ ውስጥ የሚያጥፍ፣ ሽፋሽፍቱም የዓይንን ብሌን እየፋቀ ውሎ አድሮ ብርሃን የሚያሳጣ በሽታ ነው። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከአገሪቱ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ የማየት አቅሙ የደከመ መሆኑን አሳይቷል። ሐኪሙ ዘግይቶ የደረሰለትን ልጅ ዓይን መመለስ ሲያቅተው ለልጁ የሚቀረው ትምህርት ነው። የኦቶና የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ከሰበታው መርሐ ዕውራን፣ ከባኮና ከሻሸመኔው ጋር በአገሪቱ ካሉ ጥቂት የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤቶች አንዱ ሆኖ ስሙ የሚጠራው በዚህ ዓይነት ፍላጎት ላይ ቆሞ ነው።

አዳሪነቱ የተቋሙ ዋና ባሕርይ ነው። ልጁ ከኪንዶ ኮይሻ ወይም ከኦፋ፣ ከሁምቦ ወይም ከዳሞት ወይዴ ገጠር በየቀኑ ተመላልሶ ሊማር አይችልም፤ መንገዱ ረጅም ነው፣ የሚመራውም ሰው ከእርሻና ከቤት ሥራ መነሳት ይኖርበታል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ መኝታ፣ ምግብና ልብስ ማቅረብ ግዴታው ሆነ፤ ከዚህም የተነሳ አንድን ዓይነ ስውር ልጅ የማስተማር ወጪ ከመደበኛው ተማሪ ወጪ እጅግ በለጠ። ወጪው ከፍ ሲል የሚቀበለው ልጅ ቁጥር ያንሳል። ተቋሙ በውጭ እርዳታ ላይ ጥገኛ ሆኖ የቆየውም በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው። አዳሪነቱ ግን ለልጁ የሰጠው ነገር በገንዘብ ብቻ አይለካም። በመንደሩ ብቸኛ ዓይነ ስውር የነበረው ልጅ እንደ እርሱ ያሉ እኩዮቹን የሚያገኘው፣ ጉዳቱን የቤተሰቡ ነውር አድርጎ ማየት የሚተወው፣ በዱላ መሄድን፣ ልብሱን ማጠብን፣ አልጋውን ማንጠፍን የሚለማመደው በዚያ ነው።

በመማሪያ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሥራ ቀረብ ብሎ ለሚያየው ሰው ትዕግሥትን የሚጠይቅ ነው። ብሬይል ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬይል በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገና በልጅነቱ የፈጠረው፣ ስድስት ነጥቦችን በሁለት ዓምድ ደርድሮ በጣት ዳሰሳ የሚነበብ ጽሑፍ ሲሆን፣ ከስድስቱ ነጥቦች 63 ዓይነት ምልክቶች ይገኛሉ። ተማሪው ወፍራም ወረቀቱን ስሌት በሚባለው ቀዳዳ ያለው ሠሌዳ መካከል ያጣብቅና ስታይለስ በሚባለው አጭር መውጊያ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ይወጋል። ነጥቡ የሚጎረብጠው በወረቀቱ ጀርባ ስለሆነ የሚጽፈው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ ጽፎ ሲጨርስ ወረቀቱን ገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ በጣቱ ያነበዋል። ስለዚህ እያንዳንዱን ምልክት በሁለት ገጽታው፣ ሲወጋውና ሲዳስሰው በሚኖረው ቅርጽ፣ ማወቅ ይገባዋል። በአማርኛ ብሬይል ደግሞ ፊደሉ ይበተናል፤ ዓይናማው ልጅ በአንድ ፊደል የሚጽፈውን ድምፅ ዓይነ ስውሩ በአብዛኛው ለተነባቢው አንድ፣ ለአናባቢው ሌላ ምልክት ሰጥቶ ይጽፈዋል። አንድ ገጽ መማሪያ መጽሐፍ በብሬይል ሲጻፍ ብዙ ገጽ ይወጣዋል፤ ወረቀቱም ውድ ነው። ይህን ያልተረዳ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች እንደ ማንኛውም ተማሪ ደብተር ሲያድል የሚፈጸመው በደል ከቸልተኝነት የሚቆጠር ነው።

የቋንቋው ጥያቄ ከዚህ ይከተላል። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ ሚሲዮኖች የሚሠሩባቸውን አካባቢዎች ከከለለ በኋላ የማስተማሪያ ቋንቋው አማርኛ እንዲሆን አዞ ነበር። ስለዚህ በወላይታ ምድር የሚማር ዓይነ ስውር ልጅ መጀመሪያ ማንበብ የሚጀምረው አፉን በፈታበት ቋንቋ አልነበረም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወላይትኛን ከመጀመሪያዎቹ አምስት የማስተማሪያ ቋንቋዎች አንዱ አድርጎ በግእዝ ፊደል ማስተማሩ ትልቅ እርምጃ ነበር። ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ወላይትኛ በላቲን ፊደል እየተጻፈ የመጀመሪያ ደረጃ ማስተማሪያ ሆነ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች አደባልቀው የተዘጋጁ መጻሕፍት ወደ ክፍል ሲገቡ በሶዶ የተነሳው ተቃውሞና ያስከተለው ጉዳት፣ መጻሕፍቱ መሰብሰባቸውና ወላይታ በ1993 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ዞን መሆኑ የታወቀ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ የተዘነጋው ማየት የተሳነው ልጅ ነው። ወላይትኛን በላቲን ብሬይል፣ አማርኛን በአማርኛ ብሬይል፣ እንግሊዝኛን በእንግሊዝኛው ሥርዓት እያነበበ እንዲማር ይጠበቅበታል፤ በየሥርዓቱ የተዘጋጀ መጽሐፍ ግን በበቂ ሁኔታ አይቀርብለትም። መጽሐፍ በሌለበት የሚቀረው የመምህሩ ቃል ነው፤ በዚህ ረገድ ልጁ ወደ ቅኔ ቤቱ ዘዴ፣ በጆሮ ሰምቶ በልብ ወደመያዝ፣ ተመልሷል ማለት ይቻላል።

መስማት ለተሳናቸው ልጆች በሩ የተከፈተው ዘግይቶ ነው። በአዲስ አበባ የመካኒሳው ትምህርት ቤት በ1956 ዓ.ም. ገደማ በአሜሪካ ሚሲዮናውያን ሲጀመር የአሜሪካው የምልክት ቋንቋ አብሮ ገባ፤ ከአገር ውስጥ ምልክቶች ጋር ተዋሕዶም ለኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ መሠረት ሆነ። ለወላይታ ቤተሰብ ይበልጥ የቀረበው ግን ከሶዶ በስተሰሜን በሆሳዕና የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያቋቋመችው አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። በምልክት ቋንቋው የእጅ ፊደል የተነባቢው መልክ በጣቶች አቀማመጥ ይታያል፤ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባት ድምፆች ደግሞ በእጁ እንቅስቃሴ ይለያሉ። የፊደል ገበታውን ጠባይ ጠብቆ በእጅ የተሠራ በመሆኑ በአገር ውስጥ ከተፈጠሩት የማስተማሪያ ዘዴዎች መካከል ሊኮራበት የሚገባ ነው። መስማት የተሳነው ልጅ ከዓይነ ስውሩ የሚለይበት አንድ ከባድ ነገር አለ፤ ትምህርት ቤት እስኪገባ ድረስ ከወላጆቹ ጋር እንኳ የሚግባባበት የተሟላ ቋንቋ አይኖረውም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ቋንቋውን የሚያገኝበት ቦታ ነው፤ የሚዘገይበትም እያንዳንዱ ዓመት ከቋንቋው ላይ የሚጎድል ነው።

በደርግ ዘመን የግል ትምህርት ቤቶች ወደ ሕዝብ ይዞታ ሲዛወሩና የብዙ ሚሲዮኖች ሥራ ሲቋረጥ ልዩ ትምህርት ቤቶቹ በመንግሥት፣ በቤተ ክርስቲያንና በውጭ ረጂዎች መካከል ቆዩ። በአገር አቀፍ ደረጃ ትርጉም ያለው ለውጥ የመጣው በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ ነው። በዚህ ድጋፍ በሰበታ የልዩ ፍላጎት መምህራን ሥልጠና ተጀመረ፤ በመደበኛ ትምህርት ቤቶች ውስጥም ልዩ ክፍሎች ተከፈቱ። ልዩ ክፍል ማለት በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ለጉዳት ዓይነቱ ተለይቶ የተሰጠ ክፍል ሲሆን፣ ልጁ በዚያ ብሬይሉን ወይም የምልክት ቋንቋውን ተምሮ ሲጎለብት ወደ መደበኛው ክፍል እንዲዘዋወር የታሰበ ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ልጆች በመንግሥት ትምህርት ቤት ቦታ የተገኘው በዋናነት በዚህ መልክ ነው፤ የሚማሩትም ከፊደልና ከቁጥር ጎን ለጎን መመገብን፣ መልበስን፣ ገበያ ሄዶ መልስ መቀበልን ነው።

ቀጥሎ የመጣው ሕግ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አካል ጉዳተኞችም ሆኑ ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው እንደ ችሎታቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ አወጀ፤ በዚያው ዓመት በስፔን ሳላማንካ ከተማ የተሰበሰቡት መንግሥታት መደበኛው ትምህርት ቤት ሁሉንም ልጅ እንዲቀበል ተስማሙ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ለአካል ጉዳተኞች መቋቋሚያና ርዳታ አቅሙ በፈቀደ መጠን ገንዘብ እንዲመድብ ደነገገ። በ1998 ዓ.ም. የልዩ ፍላጎት ትምህርት ፕሮግራም ስትራቴጂ ወጣ፣ በ2004 ዓ.ም. ተሻሻለ፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጸደቀች። በነዚህ ሰነዶች ውስጥ እየጎላ የመጣው አካቶ ትምህርት ነው፤ ይኸውም ልጁን ወደ ልዩ ቦታ ከመውሰድ ይልቅ የመንደሩ ትምህርት ቤት ለእርሱ እንዲመች ማድረግ ማለት ነው። ተግባራዊ መሣሪያው የድጋፍ መስጫ ማዕከል ነው፦ በጉድኝት ማዕከልነት የሚያገለግል አንድ ትምህርት ቤት ብሬይል፣ የምልክት ቋንቋ መጻሕፍት፣ ተሽከርካሪ ወንበርና የሠለጠነ መምህር ይሰጠዋል፤ መምህሩም በዙሪያው ያሉትን አባል ትምህርት ቤቶች እየተዘዋወረ ይደግፋል።

ሐሳቡ ትክክል ነው፤ መብትንም ከምጽዋት ይለያል። ችግሩ ስሌቱ ላይ ነው። በ1987ቱ ሕዝብ ቆጠራ 988,849 አካል ጉዳተኞች፣ ማለትም ከሕዝቡ 1.9 በመቶ፣ ተመዝግበው ነበር፤ በ1999ኙ ቆጠራ ደግሞ የአገሪቱ ሕዝብ ከ73 ሚሊዮን በላይ ሲደርስ የአካል ጉዳተኞቹ ቁጥር ወደ 805,492፣ ማለትም ወደ 1.09 በመቶ፣ ወርዶ ተገኘ። ሕዝቡ እየጨመረ ጉዳተኛው ሊቀንስ አይችልም፤ የቀነሰው መጠየቅና መመዝገብ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2003 ዓ.ም. በዓለም ሕዝብ መካከል የአካል ጉዳተኞች ድርሻ 15 በመቶ ያህል እንደሚሆን ገምቷል። በ1999ኙ ቆጠራ 1,501,112 ሕዝብ የነበረው የወላይታ ዞን በቆጠራው መጠን ቢሰላ 16,000 ያህል፣ በድርጅቱ መጠን ቢሰላ ግን 225,000 ያህል አካል ጉዳተኞች ይኖሩታል። በመጀመሪያው ቁጥር የሚያቅድ የትምህርት ጽሕፈት ቤት አንድ ትንሽ ትምህርት ቤትና ጥቂት ልዩ ክፍሎች የሚበቁ ይመስሉታል፤ በሁለተኛው የሚያቅድ ግን በሁሉም ወረዳ፣ በቦዲቲም በአረካም በጌሱባም፣ የሠለጠነ መምህር ካላኖረ ሥራው እንዳልተጀመረ ይረዳል። በአገር አቀፍ ደረጃ ከአካል ጉዳተኛ ልጆች አንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚያገኘው ከአስሩ አንዱ ያህል ብቻ እንደሆነ የመንግሥት የትምህርት ሰነዶች ራሳቸው አምነዋል።

የተቋሙ ሽግግር ሸክሙን ከማን ወደ ማን እንዳዛወረ በግልጽ መነገር አለበት። አዳሪው ትምህርት ቤት ምግብና መኝታ ይሰጥ ነበር፤ ልዩ ክፍሉና የድጋፍ ማዕከሉ አይሰጡም። ስለዚህ አካቶ የሚለው ቃል ሲነገር የዕለት ወጪው ወደ ቤተሰቡ፣ በተለይም ልጁን አዝላ ወይም መርታ ወደምታመጣው እናት፣ ተሸጋግሯል። መሬት ጠባብ በሆነበት፣ ብዙ ቤተሰብ በእንሰትና በስኳር ድንች ዓመቱን በሚገፋበት ወላይታ ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። ሁለተኛው ሸክም በመምህሩ ላይ ወድቋል። በአንድ ልዩ ክፍል የሚመደበው መምህር ዕድሜያቸው ከሰባት እስከ አሥራ ስምንት የሚደርሱ፣ በተለያየ ደረጃ ያሉ ልጆችን በአንድ ሰዓት ውስጥ ያስተምራል፤ ከወላጅ ጋር ይነጋገራል፣ ብሬይሉን ራሱ ይወጋል፣ መደበኛ መምህራኑንም ያሠለጥናል ተብሎ ይጠበቃል። እንዲህ ያለውን መምህር እንደማንኛውም ሰው በዝውውር ወደ መደበኛ ክፍል መውሰድ ክፍሉን መዝጋት ነው።

ዛሬ ሁኔታው ለወላይታ ከመቼውም ይልቅ የተመቸ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ባለሙያዎችን ያሠለጥናል፤ የማስተማሪያ ሆስፒታሉም በዚያው በኦቶና ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ስለሆነች ውሳኔ የሚሰጡት ሰዎች በአቅራቢያ ናቸው። ስለዚህ የክልሉ ትምህርት ቢሮና የዞኑ ትምህርት መምሪያ ሦስት ነገሮችን ሊፈጽሙ ይገባል። አንደኛ፣ የወላይትኛ መማሪያ መጻሕፍት ሲታተሙ የብሬይል ቅጂያቸው በዚያው ዓመት፣ በዚያው በጀት ይታተም። ሁለተኛ፣ የልዩ ፍላጎት መምህር ተተኪው ሳይመጣ ከቦታው አይነሳ። ሦስተኛ፣ በየወረዳው ቢያንስ አንድ የድጋፍ ማዕከል ከነማደሪያውና ከነምግቡ እስኪቆም ድረስ አዳሪው ልዩ ትምህርት ቤት በአካቶ ስም አይዘጋ፣ በጀቱም አይቀነስ።